የማቡኪያው ቀይ ጨርቅ

ሊጥ አቡኪው ማሽኑ እጁን እንደያዘው ሞቶ ተገኘ። የዳቦ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ መርማሪዋን በር ላይ ተቀብሎ፣ «ችኩል ነበር፤ በገዛ እጁ ነው» አላት።

የሟቹ እህት ጋጋሪ ናት። የምድጃውን አካፋ ወረወረችው።

«ወንድሜ ችኩል አልነበረም፣ ጋሼ። እርስዎም ያውቃሉ። ማሽኑ በራሱ ሲነሳ አይቼ፣ ትናንት ታጥቤ ልወጣ ስል ማብሪያው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ጨርቁ ምን ይሠራል?» አለች መርማሪዋ።

«አደጋ ያየ ሁሉ ያስራል። የሚፈታው መካኒኩ ብቻ ነው፣ ሲጠግን። ጨርቅ ከሌለ ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው።»

ማብሪያው ላይ ጨርቅ የለም። መርማሪዋ ወደ ቢሮ ከሚወጣው ደረጃ ሥር ተጠቅልሎ ተጥሎ አገኘችው። ዘርግታ አገላበጠችው።

«እትዬ፣ እኔ አልፈታሁም» አለ መካኒኩ። «መለዋወጫ ስጠይቅ ቆይ ተባልኩ።»

«በማን?»

በአገጩ ወደ ላይኛው ቢሮ ጠቆመ።

መርማሪዋ ሁሉንም ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ቀይ ጨርቅ ሰጥታ፣ «እሰሩና ፍቱልኝ» አለች።

«ፈተና ፈርቼ ነው እኮ ትምህርት ያቋረጥኩት» አለ አንድ ጋጋሪ። ሁሉም በየተራ አስረው ፈቱ።

«እዩት» አለች መርማሪዋ። «የጋጋሪዎቹ ቁራጭ ዱቄት ነክቶታል። የመካኒኩ ግራሶ። ሟቹ ደግሞ ጨርቁን አክብሮ ጠዋቱን ሙሉ በእጁ ሲያቦካ ነበር፤ እሱ ቢፈታው ሊጥ በሊጥ ይሆን ነበር። ከደረጃው ሥር ያገኘሁት ይሄኛው ግን ንጹሕ ነው። ሟቹ ጨርቁ ከማብሪያው ሲጠፋ ‹ተጠግኗል› ብሎ ገባበት። ዛሬ እጁ ያልቆሸሸ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቁራጩን እንደያዘ ቀረ። «ጓንት ያደረገ ሰው ቢሆንስ?»

«ጓንትም ጠይቀን ቆይ ተብለናል» አለ ያው ጋጋሪ።



«እንግዶች ሊጎበኙን ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ። «ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ምን ይላሉ? ጨርቅ ነው እኮ።»

እህቲቱ ፊቱ ድረስ ሄዳ ቆመች።

«ወንድሜን ማን እንደገደለው ተናገር።»

«እኔ... እኔ ነኝ የፈታሁት» አለ አጉተምትሞ።

«ጮክ በል። ምድጃው ጋ ያሉት አልሰሙም።»