ጨፋ ላይ የደረሰው የባህር ነፋስ

እኔ የጂን ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ ወዳጄ፣ ከሚሴ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ ጎረቤታችን ዛር ያዘኝ ብላ ስትንቀጠቀጥ «ወባ ነው፣ ኪኒን ስጧት» ብዬ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ባህር ላይ ደግሞ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባህር ላይ የሠራ ሰው የሚያየውን ፈርቶ ሳይጨርስ የማያየውን ለመፍራት ጊዜ የለውም። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ስሰማው ያደግሁት ተረት አታድርገው፣ እመነኝ፣ እኔም ብሆን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እስቅበት ነበር።

የከሚሴን ልጅ ከባህር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። ዘመኑ ደርግ ነው፣ አሰብ ወደብ ላይ ሥራ አለ ሲባል በባቲ በኩል በጭነት መኪና ወረድኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ከማልም ተከተለኝ። እንደምታውቀው አሰብ ያልረገጠው የመርከበኛ ዘር አልነበረም፣ ሁሉም ደግሞ ማዕበልን የሚያይበት የራሱ ዓይን አለው፣ ህንዶቹ ከመነሳታቸው በፊት ኮኮናት ይሰብራሉ፣ የመኖቹ ቁርአን ቀርተው ለባህሩ ተምር ይወረውራሉ፣ ግሪኮቹ ማክሰኞ ቀን መልሕቅ አይነቅሉም፣ ሩሲያዎቹ በምንም አናምንም ይላሉ። ታዲያ እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፣ ጀልባ ላይ አይፏጭም፣ ፉጨት ማዕበል ይጠራል ነው የሚሉት። በምንም አናምንም የሚለው ሩሲያዊ ራሱ አንድ ልጅ ሲያፏጭ ሰምቶ በጥፊ ሲለው በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ከከሚሴ ሥር ያለው የጨፋ ሸለቆ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒ ነን። አውድማ ላይ ጤፉ ተወቅቶ ነፋስ ጠፍቶ ስንቆም እናፏጫለን፣ ቀስ አድርገን፣ ከብት እንደምንጠራ፣ ነፋሱም ሲመጣ እህሉን ወደ ላይ እንሰጠዋለን፣ ገለባው ይሄዳል ፍሬው ይወርዳል፣ ለእኛ ነፋስ ማለት የሚያግዝ ጎረቤት ነው። በዚህ የተነሳ አሰብ ስደርስ መጀመሪያ የተማርኩት አፌን መግጠም ነበር። እንድሪስ ግን ይህን አልተማረም።

እንድሪስም የጨፋ ልጅ ነው፣ ከእኛ ቀድሞ ወርዶ የአንድ ሞተር ጀልባ አለቃ ሆኗል፣ ጀልባው ሞተር የሌለውን የጭነት ጀልባ በገመድ ይጎትታል፣ ከማል የሚሠራው ከኋላ በሚጎተተው ላይ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ፣ አሚ ሳሊም የሚባል የመን ሽማግሌ መርከበኛ ሰማዩን አየና ዛሬ ማንም ገመድ እንዳይፈታ፣ ይህ ነፋስ አልቆመም፣ ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው አለ። እንድሪስ ሳቀበት። «ይሄኮ የባቲ ነፋስ ነው፣ ገለባ ከማብነን ሌላ ምን ያውቃል?» አለና ጀልባውን አስነሳ፣ ሲወጣም ያፏጭ ነበር፣ ዳር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፣ ሽማግሌውም ሰምቶ ፊቱን አዞረ።

ሞተር ጀልባው ብቻውን ተመለሰ። ማዕበሉ ገመዱን በጠሰው አለ እንድሪስ፣ እያለቀሰም ነው የተናገረው፣ ሰውም አጽናናው። እኔ ግን ገመዱን ሄጄ አየሁት። የተበጠሰ ገመድ ጫፉ እንደ ጥጥ ይፈታታል፣ ይህን የማያውቅ የወደብ ሠራተኛ የለም፣ የዚያ ገመድ ጫፍ ግን በአንድ ምት በቢላዋ የተቆረጠ ነበር። የራሱን ነፍስ ለማዳን ወንድሜን ቆርጦ ጣለው። ይህን ጮክ ብዬ ብናገር ሥራ ለማደናቀፍ የተላከ ነው ተብዬ ታሰርኩ፣ እሱ ከካድሬዎቹ ጋር በአንድ ሳህን የሚበላ ሰው ነበር። ተፈትቼ ከሚሴ ስገባ እንድሪስ ቀድሞኝ ተመልሶ የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር ሆኗል፣ ሰው ተነስቶ ቦታ ይለቅለታል፣ እናቴ ደግሞ የምታሳጥበው የምታስገንዘው ሬሳ አጥታ በር በሩን እያየች ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ወሰንኩ። እገድለዋለሁ ብዬ ነበር፣ ይቅርታ አልጠይቅበትም፣ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

ቀኑን ራሱ ሰጠኝ። ጤፉን ለማንሳት ደቦ ጠራ፣ ሰው ሁሉ ወጣ፣ እኔም ጩቤዬን ከሽርጤ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። መሣሪያ የያዘ ሚሊሻ አጠገቡ የማይቆምበት ቦታ አውድማ ብቻ ነው። እኔን ሲያይ ትንሽ ደንገጥ አለ፣ ቀጥሎ ግን እጄን ጨብጦ «አብሽር፣ የአላህ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል» አለኝ፣ ገመዱን በቆረጠበት በዚያ እጅ። ላይዳዬን፣ ጤፍ የምንሰጥበትን የእንጨት አካፋ፣ አነሳሁ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ሰው ሲደክም ብዬ ጠበቅሁ።

አሱር ሰገድን፣ ነፋስ ጠፋ። ሸለቆው ጸጥ አለ፣ ከቦርከና በኩል የሚመጣው የከብት ድምፅ እንኳ ቆመ፣ ሙቀቱ አፍኖ ያዘን። አባ ይማም የሚባሉ አውድማውን የሚመሩ አዛውንት ላባቸውን ጠርገው በሉ እስቲ ነፋሱን ጥሩልን አሉ። እንድሪስ ምርቱ ላይ ቆሞ ማፏጨት ጀመረ። እዚያ ማንም የሚያፏጨው ነው፣ ምንም ክፋት የለበትም፣ እኔ ግን ያንኑ ፉጨት አሰብ ላይ ሰምቼዋለሁና እጄ ወደ ሽርጤ ሄደ።

መጀመሪያ የሰማሁት ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ነው፣ እርጥብ ገመድ ሲወጠር የሚያሰማው ዓይነት፣ ባህር ላይ የሠራ ሰው በእንቅልፉም ይለየዋል። ዞር ብዬ አየሁ፣ በሬዎቹ ተፈትተው ራቅ ብለው ተኝተዋል፣ በአካባቢው ገመድ የለም። ቀጥሎ ነፋሱ በባቲ በኩል መጣ፣ ሰዎቹ አልሐምዱሊላህ ብለው ላይዳ አነሱ፣ ጤፉን ወደ ላይ ሰጡት፣ ገለባው ግን ወደ ጎን አልሄደም፣ እንድሪስን መሃል አድርጎ ዞረ። ከንፈሬን ላስኩ፣ ጨው። የላብ ጨው መስሎኝ እንደገና ላስኩ፣ ወላሂ የባህር ጨው ነበር፣ ሽታውም መጣ፣ የዓሣ፣ የዛገ ብረት፣ የናፍጣ ሽታ፣ ጨፋ ላይ፣ ከባህር ይህን ያህል ርቀን።

እንድሪስ ማፏጨቱን አቆመ። ፉጨቱ ግን አልቆመም። ከገለባው ውስጥ ሌላ ሰው እየመለሰለት ነበር፣ ቀጥሎም ድምፅ ሆነ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ «ኮቱ» የሚል፣ በኦሮምኛ ና ማለት ነው፣ ከማል ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ ሰው ሲጠራ እንደሚለው፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ። ሌሎቹ ነፋስ ነው የሰማነው ይላሉ። እኔ የወንድሜን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ?

ጩቤዬን መዘዝኩ፣ እሱ በዚያ ዓይነት ሲዋልል አንድ እርምጃ በቂ ነበር፣ ልክ ላነሳው ስል አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። ከኋላዬ ሰው የለም። እጁ እርጥብ ነበር፣ ጠንካራም ነበር፣ ጩቤው ከእጄ እስኪወድቅ ድረስ ጨመቀኝ። እንድሪስም የማይታይ ገመድ እንደያዘ ሰው ይጎተት ጀመር፣ እግሩ ጤፉ ውስጥ ትልም አወጣ፣ ጣቶቹን ጨብጦ ወደ ኋላ ይታገላል፣ በመጨረሻ በጉልበቱ ወደቀና ሁላችንም እየሰማን ተናገረ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ከማል፣ ከነነፍስህ ቆረጥኩህ፣ ልቀቀኝ።»

ነፋሱ ቆመ። ገለባው ባለበት ረገፈ። አባ ይማም ቀርበው ሲያነሱት ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ያለው ጤፍ ረጥቦ ተጣብቋል፣ ከሱ አንድ ክንድ ርቆ ያለው መሬት አቧራ ነው። ሽማግሌው ከጤፉ ቆንጠር አድርገው ቀመሱና ወዲያው ተፉት፣ ቢስሚላህ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ምን እንደቀመሱ እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገሩም።

አንድ ካድሬ በማግስቱ መጥቶ ሙቀት ነው፣ ሰውየው ራሱን ስቶ የማያውቀውን ቀባጥሯል፣ ውሃውም እናንተው ያፈሰሳችሁበት ነው አለ። እንድሪስ አልሞተም። የቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ቀረ፣ ሌላ ሰው ያጎርሰዋል፣ ሽማግሌዎች ይቅር በለው ብለው ቤቴ ድረስ ሲመጡ አላደርገውም ብዬ መለስኳቸው፣ ደስ ብሎኛል፣ ሲያጎርሱት ሳይ ደስ ይለኛል፣ ይህንን አልደብቅህም።

ያን ዕለት መግሪብ ላይ ቤት ገብቼ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። አላለቀሰችም። አንጓዬን ይዛ ወደ ኩራዙ አስጠጋችው፣ አምስት ጣት ሰማያዊ ሆኖ ታትሞበታል፣ በጣቷ እየዳበሰች ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እጁ ይቀዘቅዝ ነበር ልጄ?»

አይ እማ፣ ሙቅ ነበር አልኳት። ውሸቴን ነው፣ እንደዚያ የቀዘቀዘ ነገር በሕይወቴ ነክቶኝ አያውቅም። እሷ ግን አላመነችኝም መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ በባቲ በኩል ነፋስ በተነሳ ቁጥር እሳት ታነድድና ልጄ በርዶት እንዳይቆም ብላ በሩን ትከፍተዋለች። እኔ እነሳና እዘጋዋለሁ። ወንድሜ ነው፣ ደሙን ልመልስለት የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ግን እዘጋዋለሁ፣ መወርወሪያውንም አስገባለሁ፣ እሷ ደግሞ ተነስታ መልሳ ትከፍተዋለች።