ለባሕሩ አምላክ፣ እንደገና ከመጀመሪያው

«እንደገና!» አለ አባባ ጋቪዮስ። «ከመጀመሪያው!»

ሩፊላ የወይን ጠጁን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። ክንዷ ዝሏል። ከግቢው አጥር ማዶ የኔያፖሊስ ወደብ ቁልቁል ይታያል፤ ወደ እስክንድርያ የሚሄደው መርከብ ሸራውን መፍታት ጀምሯል። ወንድሟ ዴኪሞስ በዚያ መርከብ ላይ የመሪው ረዳት ሆኖ ተቀጥሯል። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ ያገኘው ሥራ ነው። ነፋሱ ከተነሣ ካፒቴኑ ማንንም አይጠብቅም፤ ቦታውን የሚመኝ ሌላ ልጅ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆሟል። እናትና አባታቸው ዕቃውን ይዘው ቀድመው ወርደዋል። ዴኪሞስ ግን አያቱ ለባሕሩ አምላክ መሥዋዕት ሳያቀርብለት ከቤት መውጣት አይችልም።

«አሁን ደግሞ ምን ተበላሸ?» አለች ሩፊላ።

«አያትሽን ጠይቂያታ!»

እማማ ኒካሬቴ ምንም እንዳላደረገች ሁሉ ከወይራው ሥር ቆማ ፈገግ ትላለች። የእናታቸው እናት ናት፤ ግሪክ። አባባ ደግሞ የአባታቸው አባት ነው፤ ሮማዊ። አባባ ሲሠዋ እንደ ኩታ የሚደርበውን የቶጋውን ጫፍ ራሱ ላይ ይከናነባል፤ ጸሎቱን ከአባቱ እንደተቀበለው ቃል በቃል ይላል። አንድ ቃል ከዘለለ፣ ክንብንቡ ከወደቀ፣ መጥፎ ድምፅ ከተሰማ መሥዋዕቱ ተበላሸ ማለት ነው፤ ሁሉም ይደገማል። ቅድም እማማ በጸሎቱ መሐል ገብታ «የምድር አናዋጭ፣ የፈረሶች ጌታ» እያለች አምላኩን በራሷ ቋንቋ ስታሞግስ ተበላሸ። አሁን ደግሞ ከኋላ መጥታ ክንብንቡን ጎትታ አወለቀችው።

«ፊትህን ይየው እንጂ!» አለችው። «እኛ አማልክቶቻችን ፊት ራሳችንን ገልጠን ነው የምንቆመው። የሰረቅህ ይመስል ምን ያሸፋፍንሃል?»

«ዓይኔ ክፉ ነገር እንዳያይ ነው! ሥርዓት ነው! ሥርዓት የሚባል ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«የእናንተ ኔፕቱን ስለ ባሕር ምን ያውቃል? ከእኛ ጋር ከመተዋወቁ በፊት የኩሬ ዘበኛ ነበር እኮ። ባሕሩን ያስተማረው የእኛ ፖሲዶን ነው።»

«ያ ቂመኛ? ሰው አስቀየመኝ ብሎ ዓመት ከዓመት ማዕበል ላይ የሚያንገላታ? የእኛው ተረት የለውም፣ ውል ነው ያለው። ሰጠሁት፣ ይሰጠኛል። አለቀ።»

ሩፊላ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። በዚህ ቤት ምሳ እንኳ ያለ አማልክት ጠብ ተበልቶ አያውቅም። ማርስን አባባ እንደ ወላጅ አባቱ ያከብረዋል፤ ስሙ ሲጠራ ጎንበስ ይላል። እማማ ግን ያንኑ የጦርነት አምላክ አሬስ ትለዋለች፤ ስለ እሱ ስታወራ ደግሞ ሰፈር የሚያውክ ሰካራም ጎረቤት አስመስላው ነው። ሄራ እንዲህ አደረገች፣ ዜውስ እንዲያ ቀጠፈ ብላ ስታወራ አባባ ጆሮውን ይይዛል። «የአማልክትን ገመና ምን አስወራሽ!» ይላል። እሷ መልሳ «ገመና የሌለውን ማን ይወደዋል?» ትላለች። ለልጆቹ ነገሩ ቅድመ አያቶቻቸው ተጣልተው የተዉላቸው ጠብ ይመስላቸዋል።

ዴኪሞስ ከመሠዊያው አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያሥራል፣ ይፈታል። «አቦ፣ እየሄደ ነው!» አለ በሹክሹክታ። «ሩፊ፣ አንድ ነገር በያቸው እንጂ።»

የሩፊላ ትዕግሥት አለቀ። ማንቆርቆሪያውን መሠዊያው ላይ ቋ! አድርጋ አስቀመጠችው።

«በቃ፣ አበዛችሁት! ኔፕቱንና ፖሲዶን ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? ሁለት ከሆኑ እነሱው ይጣሉ፣ እናንተን ምን አገባችሁ? አንድ ከሆነ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ስትሰድቡት እየሰማ ነው! ከዚያ ልጃችሁን አደራ ልትሉት ነው?»

እማማ ወደ ወይራዋ ተመለሰች። አባባ ቶጋውን አስተካክሎ ተከናነበና ለዋሽንት ነፊው ምልክት ሰጠው። ዋሽንት ነፊው የሚቀጠረው ለዜማው አይደለም፤ በጸሎቱ ሰዓት መጥፎ ድምፅ እንዳይሰማ እንዲሸፍን ነው። እሱም ከጠዋት ጀምሮ ሲነፋ ጉንጩ ቀልቷል።

«አንቺ ጆሮዬ ነሽ» አላት አባባ ሩፊላን። ካረጀ ወዲህ ጆሮው ደክሟል፤ መሥዋዕት ባቀረበ ቁጥር አጠገቡ የሚያቆማት እሷን ነው። «ደህና አድርገሽ አድምጪ።»

ጸሎቱ ተጀመረ። የማር ቂጣው እሳት ላይ ወደቀ፣ ወይን ጠጁ ፈሰሰ። የመጨረሻው ቃል ሊደርስ ሲል ዋሽንት ነፊው አየር ለመሳብ ለአፍታ አቆመ።

ሲጥ!

ከማገዶው ክምር ሥር አይጥ ጮኸች። ሲጥ፣ ሲጥ! ለአባባ ከዚህ የከፋ ምልክት የለም። ዋሽንት ነፊው ደንግጦ ሩፊላን አያት፤ ወዲያው እስትንፋሱ እስኪቆረጥ ነፋ።

አባባ ጨረሰ። ክንብንቡን ገለጠና እንደ ልማዱ ወደ እሷ ዞረ። «የሰማሽው ነገር አለ?»

ሩፊላ ወደ ወደቡ አየች። ሸራው በነፋስ ተነፍቷል። ዴኪሞስ በዓይኑ ይለምናታል። አባባን ዋሽታው አታውቅም፤ በዚህ ነገር ደግሞ በፍጹም።

«ምንም አልሰማሁም» አለች።

ዴኪሞስ የአያቶቹን ጉልበት ሳመና ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው። ሩፊላና እማማ ተከትለውት ወደብ ሲደርሱ መርከቡ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ያ ቦታውን የሚመኘው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ እማማ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቆመች።

«አይጧን እኔም ሰምቻታለሁ» አለች።

ሩፊላ ክው አለች። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እሱን ለመርታት እንዲህ ያለ አጋጣሚ አግኝተሽ?»

«ልጁ ይሂድ ብዬ ነዋ! ደግሞ የእኛው አምላክ ለአይጥ ግድ የለውም። ሰው ሲዋሽ ነው የሚቀየመው።»

«የአባባው ደግሞ ለአይጥ ግድ አለው።»

«አለው።»

«አንድ ከሆኑስ?»

እማማ ወደ ባሕሩ ዞር ብላ አየችና ነጠላዋን ፀጉሯ ላይ ሳብ አደረገች። ሩፊላ ተናደደች፤ በአይጧም፣ በአማልክቱም፣ በራሷም። ዴኪሞስ ደስ ብሎት ሄዷል፤ ፍርሃቱ ግን እሷ ጋ ቀርቷል።

አባባ ግቢው ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ዋሽንት ነፊው ሄዷል፣ እሳቱ ግን ገና አልጠፋም። ሽማግሌው ጸሎቱን በአግባቡ የጨረሰ ሰው ፊት ነበረው፤ ያን ማየት ለሩፊላ ከሁሉም ባሰባት።

አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ድምፅዋ እንዲደርሰው ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አባባ፣ አይጥ ጮኻ ነበር። ሰምቻለሁ።»

አባባ ቀና ብሎ አያት። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ። መርከቡ ነጭ ነጥብ ሆኗል።

ሩፊላ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። ሥሩ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ቀርቷል።

«ተነሥ፣ አባባ» አለችው። «እንደገና። ከመጀመሪያው።»

ሽማግሌው የቶጋውን ጫፍ ፈለገ። እማማ ኒካሬቴ ከኋላው መጥታ አነሣችለትና ራሱ ላይ አስተካክላ አለበሰችው። ከዚያ የራሷን ነጠላ ከፀጉሯ ላይ አውርዳ ራሷን ገልጣ ከጎኑ ቆመች፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።