ባዶው አገልግል

መምህር ያየህ እጃቸውን ታጥበው፣ ውሃው ከክርናቸው እየተንጠባጠበ ወደ ክፍል ገቡ። ሰባተኛ ክፍል በሙሉም ተራ ይዞ እየታጠበ ነው። ስንዱ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የእናቷን አገልግል አየች። ውስጡ ቁራሽ እንኳ የለም።

ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ድረስ በጭቃ ተሸክማ ያመጣችው ለትምህርቱ ብላ ነበር። መምህር ለየተማሪው አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሰጥተው፣ «ከየት እንደመጣ ቆማችሁ ታስረዳላችሁ» ብለዋል። ለስንዱ የደረሳት «ኮፈር» ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ማለት። ሁለት ጊዜ ቆማ፣ ሁለቴም አንድ ቃል ሳይወጣት ተቀምጣለች። ዛሬም ዝም ካለች ሰባተኛን መድገሟ ነው።

ጠዋት በር ላይ ጓደኛዋ እታለም፣ «እሰይ! ለእኛ ነው?» ስትላት፣ አፍራ «አዎ» አለች። አገልግል የያዘ ሰው ባዶ ይዟል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ወሬው ከደወሉ ቀድሞ ክፍል ገባ።

«ዶሮ ነው አሉ» አለ ገሰሰ፣ እጁን እያራገፈ።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፣ አንተ ሆዳም! ሽሮ ነው» አለችው እታለም።

መምህር ሁሉንም አስነሥተው አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙ። ባዶ አገልግል ተባረከ። ስንዱ ባዶ መሆኑን ለእታለም በጆሮዋ ነገረቻት።

«ወይኔ! ውሻ በላብኝ በይ፤ እመሰክርልሻለሁ።»

«የማን ውሻ?»

«የእኛ። እሱ እንደሆነ ስሙ የጠፋ ነው፤ አንድ ቢጨመርበት ምን ይሆናል?»

«በይ ክፈቺው እንጂ፣ ልጄ» አሉ መምህር።

ስንዱ ክዳኑን አነሣች። «ባዶ ነው፣ መምህር። ለእታለም አዎ ያልኳት አፍሬ ነው።»



«እኔ እስከ ክርኔ ታጥቤ!» አለ ገሰሰ።

«ታዲያ ለምን ተሸከምሽው?» አሉ መምህር፣ እጃቸውን እንዳንጠለጠሉ።

«ቃሉ መጀመሪያ ቅርጫት ስለነበረ ነው» አለች ስንዱ። ድምፅዋ ወጣ፤ ራሷም ገረማት። «በግሪክ ቆፊኖስ ይባላል። ጌታችን አምስቱን እንጀራ ሲያበረክት ትራፊው የተሰበሰበበት ነው። ፈረንሳይ ሲደርስ ሣጥን ሆነ።»

«ቅርጫት እንዴት ሣጥን ይሆናል?» አሉ መምህር።

«ይኸው! ውስጡ ስፌት፣ ላዩ ቆዳ፣ ክዳንም አለው። ከዚህ ወዲያ ሣጥን ምን ቀረው?»

«ያኔስ ዐሥራ ሁለት ቅርጫት ሙሉ ተርፎ ነበር!» አለ ገሰሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርም ሳቃቸው አምልጧቸው፣ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ይበቃል፣ አልፈሻል። ተቀመጪ።»

ስንዱ መቀመጫዋን ዞር ብላ አየችው።

«መምህር፣ ከዚሁ ቃል የወጡት የሬሳ ሣጥኑና የመንግሥት ግምጃ ቤቱ ይቀሩኛል» አለች፤ ሳቁ እስኪያልቅም ቆማ ጠበቀች።