ቅንጣት እና አንድ ሺህ ሃያ አራቱ ጉንዳኖች

ከወንዝ ዳር፣ ከአንዲት ሾላ ሥር፣ ብዙ ብዙ ጉንዳኖች ይኖሩ ነበር። ስንት ናቸው? ቆዩ፣ ይቆጠራሉ!

ቅንጣት የተወለደችው ዛሬ ጠዋት ነው። ከሁሉም ትንሿ እሷ ናት።

ገና ከመወለዷ የሰማችው ወሬ ግን ደስ አይልም። «ውሃው ሊመጣ ነው! ውሃው ሊመጣ ነው!»

ውሃ ሲመጣ ጉንዳኖች እግር ለእግር ይያያዙና አንድ ትልቅ ኳስ ይሆናሉ። ኳሱም ይንሳፈፋል።

አያያዛቸው ሥርዓት አለው። አንድ ከአንድ፣ ሁለት ከሁለት፣ አራት ከአራት። አቻ ያጣ ግን ብቻውን ይቀራል፤ ውሃውም ይወስደዋል።

«ትናንት ስንለማመድ አንድ ሺህ ሃያ ሦስት ነበርን» አሉ አሮጊቷ እማማ ብዙነሽ። «አንድ ብቻውን ቀረ። ዛሬስ እግዜር ያውጣን!»

የቅንጣት ልብ ድው! ድው! አለ። «ትናንት አንድ ቀረ። ዛሬ እኔ ተጨመርኩ። እንግዲህ ሁለት ልንቀር ነው! አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ!»

ሮጠችና ቅጠል ሥር ተደበቀች። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

ጓ! ጓ! ሰማዩ ጮኸ። ፏ! ፏ! ውሃው መጣ።

«ተያያዙ!» አሉ እማማ ብዙነሽ። «አንድ ከአንድ! ማን ቀረ?»

«እኔ!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ከሁሉም ግዙፉ ጉንዳን፣ ጋሼ ጎበዜ ናቸው።

ጋሼ ጎበዜ እንኳ ይንቀጠቀጣሉ! «ኧረ አቻ የለኝም! ኧረ ማን አለ?»

ቅንጣት በቅጠሉ ቀዳዳ አየች። «ብወጣ ውሃው ይወስደኛል። ባልወጣ ግን ጋሼ ጎበዜን ይወስዳቸዋል።»

ዱብ ዱብ ዱብ! እየተንቀጠቀጠች ሮጠች። የጋሼ ጎበዜን እግር ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አንድ ከአንድ! ማን ቀረ?»
«ማንም አልቀረም!»

«ሁለት ከሁለት! ማን ቀረ?»
«ማንም አልቀረም!»

«አራት ከአራት! ስምንት ከስምንት! ማን ቀረ?»
«ማንም አልቀረም!»

«አሥራ ስድስት ከአሥራ ስድስት! ሠላሳ ሁለት ከሠላሳ ሁለት!» ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ቅንጣት አለቀሰች፤ የጋሼ ጎበዜን እግር ግን አልለቀቀችም።

«ስድሳ አራት ከስድሳ አራት! መቶ ሃያ ስምንት ከመቶ ሃያ ስምንት! ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት! ቶሎ በሉ!»

አሁን ሁለት ትልልቅ ኳሶች ሆኑ። «አምስት መቶ አሥራ ሁለት ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት! ማን ቀረ?»

«ማንም አልቀረም!»

ፏ! ውሃው አነሳቸው። ወዲያ አላቸው፣ ወዲህ አላቸው፤ አንድም ጉንዳን አልወደቀም። ዱብ! ደረቁ ዳር ላይ አረፉ።

እማማ ብዙነሽ ቆጠሩ፣ ቆጠሩ፣ ቆጠሩ። «አንድ ሺህ ሃያ አራት! ለሁለት ብንከፈል፣ ደግሞ ለሁለት፣ ደግሞ ለሁለት፣ አንድ አንድ እስክንሆን ድረስ ብቻውን የሚቀር የለም። አቤት ቁጥር!»

«እኔ እኮ ትርፍ ነኝ ብዬ ነበር» አለች ቅንጣት ቀስ ብላ።

«ትርፍ?» አሉ እማማ ብዙነሽ። «ትናንት የጎደልሽን አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ።»

ውጭ ዝናቡ አሁንም ይወርዳል። ደረቁ ዳር ላይ በቆፈሩት አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ቅንጣት ጥቅልል ብላ ተኛች፤ የጋሼ ጎበዜን እግር እንደያዘች።