ወደ እጄ የመጣው ዓሣ

እኔ የሬዲዮ ሠራተኛ ነኝ፣ በጦር ሠራዊት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የኖርኩ፣ ድምፅ ካለ ምንጭ አለው፣ ምንጩ ካልተገኘ ፈላጊው ሰንፏል ብዬ የማምን ሰው፣ ስለ ዛርና ስለ ቡዳ በጠጅ ቤት ሲወራ ቀድሞ የሚስቀውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይኼን የምነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን መሸከሙ ቢከብደኝ ነው። ደግሞ ሌሊት የሆነ እንዳይመስልህ፣ ነገሩ የሆነው ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ የነገሌ ፀሐይ የቤቱን ቆርቆሮ በሚያንጣጣበት ሰዓት ነው።

መነሻው ሚስቴ ትታኝ ልትሄድ መሆኗ ነው። ለምለም ተወልዳ ያደገችው ምፅዋ ነው፣ አባቷ ከጎንደር ሄደው ወደብ ላይ መጋዘን ይጠብቁ ነበር፣ የቤታቸው ደጃፍ ከባሕሩ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። እኔ እዚያ ለሥልጠና ተልኬ አግብቻት ወደ ነገሌ ቦረና ይዣት መጣሁ፣ ከጦር ሰፈሩ ቤቶች አንዱ ተሰጠን፣ መጀመሪያ ላይ በአቧራውም በግመሉም ትስቅ ነበር፣ ኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ጸጥታው ያባንነኛል ትል ጀመር፣ ሰውነቷ ከቀን ወደ ቀን አለቀ። አንድ ማታ እራት በልተን ስናበቃ፣ እጇን እየታጠበች፣ "እስከ ፋሲካ ልሞክር። ካልለመድኩ ወደ እናቴ እመለሳለሁ፣ አትቀየመኝ" አለችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። እወዳታለሁ፣ ምን ልበልህ፣ ያን ሌሊት እኔም አልተኛሁም።

አሥመራ በአንድ ጣሊያን ፀጉር ቤት ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ የመስታወት ሣጥን አይቼ ነበርና ሚስቴ ወደ ባሕሩ ከምትሄድ ባሕሩ ወደ ሚስቴ ይምጣ ብዬ ተነሣሁ። የጋራዥ ጓደኞቼ ከብረትና ከአሮጌ የካሚዮን መስታወት ሣጥኑን ሠሩልኝ፣ ቀን ቀን መብራት ስለሌለ ለዓሦቹ አየር የሚሰጥ ዘዴም አበጁ፣ የጎማ የውስጡን ላስቲክ ነፍተው በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው እንዲተነፍስ አደረጉት። የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩትና ፈቃድ ጠይቄ ወደ ምፅዋ ሄድኩ።

እዚያ ሰው ሁሉ ዓሚ እድሪስ የሚላቸው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አሉ፣ አጎት እንደማለት ነው፣ እሳቸው ጋር ቀረብኩ። አንተም ምናልባት አንድ ቀን የባሕር ዓሣ በቤቴ ላኑር ብትል የእሳቸውን ምክር ስማ፣ የእኔን ሥራ ግን አትሥራ። በመልኩ አትምረጥ አሉኝ፣ ምን እንደሚበላ ጠይቅ፣ ዓይንህ እያየ ካልበላ አትውሰድ። ትልቁን ከትንሹ አታኑር፣ አንድ ዓይነት ወንዶች አታጣምር። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨምር፣ ውሃው ይሰንብት፣ ገሩ ይቅደም፣ ኃይለኛው መጨረሻ ይግባ። እኔ ግን ፈቃዴ አምስት ቀን ነበር፣ ልቤም ቸኩሏል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ደግሞ በልቤ ምን አልኩ መሰለህ፣ እኛ በጦር ሰፈሩ ጎንደሬው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ የሐረርጌው ሰው በአንድ ግድግዳ ተካፍለን ስንኖር መጀመሪያ ተጣልተን ኋላ ክርስትና እየተነሣሣን አይደለም ወይ፣ ዓሣስ ጎረቤቱን የማይለምድበት ምን ምክንያት አለ። ስለዚህ ዓይኔ የወደደውን ሁሉ ወሰድኩ፣ ጣት የሚያክሉ ሁለት ብርቱካን ቀለም ዓሦች፣ መንታ የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ቢጫ፣ አንድ አፈ ሰፊ ዝንጉርጉር።

ሰባተኛውን አልመረጥኩትም። እጄን ከገንዳው ስነክር ሌሎቹ ሲበታተኑ አንድ አመድማ ዓሣ፣ መልክ የሌለው፣ ቀስ ብሎ መጥቶ መዳፌ ላይ ተኛ። ደስ አለኝ፣ ሰው የለመደ ነው፣ ለለምለም የሚሆናት ይኼ ነው አልኩ።

ዓሚ እድሪስ ገንዳውን ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ይኼን ተወው ልጄ፣ ዓሣ ከሰው ይሸሻል" አሉኝ።

"ታሞ ይሆን?"

"የታመመም አለ" አሉኝ። ሌላውስ ምንድን ነው ብዬ ደግሜ ብጠይቃቸው ከየትኛው መረብ እንደገባ አላውቅም፣ እኔ አላጠመድኩትም አሉ፣ ዋጋም አልተቀበሉኝም። እኔ ሞኙ በነፃ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በወታደር አውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በካሚዮን ወደ ነገሌ፣ ዓሦቹን የባሕር ውሃ በሞሉ ጀሪካኖች አድርጌ፣ በየሰዓቱ በብስክሌት መንፊያ አየር እየሰጠሁ ተጓዝኩ። ሾፌሩ ክብረ መንግሥት ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ በዚህ አገር ወርቅ የሚያመላልስ ሰው አውቃለሁ፣ እንዳንተ ዕቃውን አቅፎ የሚያድር ግን አላየሁም ብሎ ሳቀብኝ። ምን ያድርግ።

ለምለም ሣጥኑን ስታይ አለቀሰች፣ በደስታ ነው፣ እመነኝ፣ ያን ቀን ዳግም የተሞሸርን ያህል ሆንን። ከዚያ ግን ዓሚ እድሪስ ያሉት ሁሉ በተራ መጣ። ዝንጉርጉሩ ሁለቱን ትንንሾች በመጀመሪያው ቀን ዋጣቸው፣ ሰማያዊዎቹ ተቦጫጭቀው ተያይዘው ሞቱ፣ ቢጫዋ የምትበላው የባሕር ድንጋይ ላይ ያለ ነገር ኖሯል፣ የሰጠናትን ሁሉ እምቢ ብላ በረሃብ ሞተች። ዝንጉርጉሩን የገደልኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ውሃው በሙቀት እየተነነ ሲጎድል የባሕር ውሃ ነውና ብዬ ቦረናዎች ለከብት የሚገዙትን ጥቁር ጨው እየበጠበጥኩ ሞላሁበት፣ ለካ የሚተንነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨውማ እዚያው ይቀራል፣ ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ማንኛዋም ሴት ታውቃለች፣ እኔ አላወቅኩም። እስከዚህ ድረስ ምንም ጉድ የለውም፣ ስድስት ዓሣ በአራት ስሕተት ሞተ በለው።

አመድማው ግን አልሞተም። በዚያ ጨው ውስጥ ቁራሽ ሳይቀምስ ሦስት ሳምንት ቆየ፣ አልከሳም፣ እንዲያውም የወፈረ መሰለኝ። ለምለም ወደ ጓዳ ስትሄድ በጓዳው በኩል ይቆማል፣ ወደ አልጋው ስትመጣ ዞሮ በአልጋው በኩል ይቆማል፣ እኔን ዞር ብሎም አያየኝ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፣ ጥፍር መስታወት ሲነካ የሚያሰማው ዓይነት፣ ሁለት ጊዜ፣ ዝም፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ምንጩን ፍለጋ ቱቦውን ነቀልኩ፣ ሣጥኑን ከግድግዳው አራቅሁ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፣ ጆሮዬን ስለጥፍ ይቆማል። ለምለም ግን አሁን ትተኛለች፣ ባሕሩ ይሰማኛል ትለኛለች፣ እንቅልፉስ ከመጣ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ተውኩት።

ለፋሲካ ቅቤ የምንንጠውን ወተት የምታመጣልን ሎኮ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች፣ ዓሣውን ባየችበት ቀን ይኼን ትበላላችሁ ብላ አፏን የሸፈነች፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ መንገድ ላይ አገኘኋት፣ አካም፣ ናጋ ብለን በቋንቋዋ ሰላም ተባባልን፣ ሳቅ ግን የለም።

"ሃምሳ አለቃ፣ እንግዳ አላችሁ እንዴ?" አለችኝ። "ለምለም ደጅ ቆማ ወተቱን ተቀበለችኝ። ሌላዋ ሴት አልጋው ላይ ነበረች፣ ፀጉሯ ሁሉ ቢሻን ነው፣ ውሃ፣ ይንጠባጠባል።"

እንግዳ የለንም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ወተቱን አጥር ሥር አስቀምጣ ትሄዳለች እንጂ ደጃችንን አልረገጠችም።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ፋሲካ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ በስምንት ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ቤት ገባሁ። ለሙቀቱ መጋረጃው ተጋርዷል፣ ከውጭ ስገባ ዓይኔ እስኪለምድ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ በሣጥኑ መስታወት ውስጥ ለምለም ከኋላዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። ፀጉሯ ርሷል። ፀጉርሽን ታጠብሽ ወይ አልኳት። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ድምፅ የለም። ዞርኩ፣ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ ማንም የለበትም። በዚያው ቅጽበት የለምለም ድምፅ ከግቢው ተሰማኝ፣ ልብስ እያሰጣች ከጎረቤት ጋር ስለ በርበሬ ታወራለች፣ በድምፅ አልሳሳትም፣ እንጀራዬ ነው። ወደ መስታወቱ መለስ አልኩ፣ ያቺኛዋ አልሄደችም፣ ቀርባለች፣ መዳፏን ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ አድርጋለች፣ በሁለት ጣቷ መታ መታ ታደርጋለች፣ አፏ ይከፈታል ይዘጋል፣ እኔን እያየች ታለቅሳለች፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ማልቀሱ በምን ይታወቃል ትለኝ ይሆናል፣ ሚስቴ ናት፣ አውቃለሁ። አመድማው ዓሣ የለም።

እግሬ እንዴት እንዳወጣኝ አላውቅም። ለምለም ገመዱ ሥር እርጥብ አንሶላ ይዛ ቆማ ፈገግ አለችልኝ፣ ጉንጮቿ ሞልተዋል፣ መቼ እንደሞሉ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ፣ "አልሄድም። እዚሁ ካንተ ጋር እኖራለሁ" አለችኝ።

አሁን የምነግርህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ደስ አለኝ። ያን ሁሉ አይቼ፣ አልሄድም ስትል ደስ አለኝ። ከዚያ ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ፣ ወደ ቤት ሮጬ መስታወቱን ሳላይ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ሣጥኑን እየጎተትኩ ደጅ አወጣሁትና ገለበጥኩት። አሸዋና ጠጠር ወጣ፣ ሌላ ምንም። የነገሌ መሬት የተጠማ ነው፣ ውሃውን ወዲያው ጠጣው። ለምለም ቆማ ታየኝ ነበር፣ ጎሽ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን መልካም ነበር፣ ይኼንንም መደበቅ አልፈልግም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ስለ ምፅዋ አታነሣም። የእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ናፍቆቱን ለመርሳት ነው ብዬ ተውኳት፣ መልሱን እኔው እየጻፍኩ ደኅና ናት እላለሁ። በዓመቱ አማቴ ወይዘሮ አፀደ መልስ ከልጃቸው እጅ ቢያጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በካሚዮን አገሩን ከጫፍ ጫፍ አቋርጠው ነገሌ መጡ።

ለምለም በር ላይ ተቀበለቻቸው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንቺ የምትላቸውን እናቷን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና፣ "ይግቡ እናቴ፣ መንገዱ አልከበደዎትም? ከየት ነው የመጡት?" አለቻቸው፣ ለማንኛውም አሮጊት እንደሚባለው። አማቴ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ብዙ አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሡና በነጠላቸው ጠራረጉት። ለምለም ምሳ ላቅርብ ብላ ገባች። እኔ ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜያለሁ።

ክንዴን ጨበጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄን የት አደረግካት?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ከውስጥ ምሳ ቀርቧል፣ እንግዳዋንም ይዘሃቸው ግባ የሚል ድምፅ ተጣራ፣ ይዣቸው ገባሁ።