ከውጭ የመጣ ሣጥን

«ቆይ፣ አትንኪው! እኔው ራሴ ልየው» አሉ ባላምባራስ ሀብተወልድ፣ ልጃቸውን ገላነሽን ገፋ አድርገው። ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩና ሱቁ ውስጥ ከቆመው ባለመንኮራኩር ቀይ የመሣሪያ ሣጥን ፊት ቁጢጥ አሉ። መሳቢያውን ሳቡት። እስከ ግማሹ ድረስ መጣና እምቢ አለ። ቢጎትቱት፣ ቢነቀንቁት፣ ቢያባብሉት፣ ወይ ፍንክች!

ገላነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ጓደኛዋ ወደ እልፍነሽ ዞረች። «አባባን እያቸው፤ ከበቅሎ ጋር የሚታገሉ ነው የሚመስሉት» አለች በሹክሹክታ።

እልፍነሽ አልሳቀችም። ዓይኗ ከቀዩ ሣጥን ጎን በቆመው ጥቁር ሣጥን ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ያን ሣጥን ታውቀዋለች። እንዴት አታውቀውም! ላሜራው ከጋዝ በርሜል ተቆርጦ ሲቀጠቀጥ አጠገቡ ነበረች። የመንኮራኩሮቹ ብረት እሳት ውስጥ ሲቀላ ወናፉን የነፋችው እሷ ናት። ሠሪው አባቷ ነው።

ይህን ግን በሱቁ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል ከባለሱቁ ከሐጂ ዐብዱራሕማን በቀር ማንም አያውቅም። እንዲያውቅም አትፈልግም። ያኔ በሐረር የብረት ቀጥቃጭ ልጅ መሆን ቀላል ነገር መሰላችሁ? አማራው «ጠይብ» ይለዋል፣ ኦሮሞው «ቱምቱ» ይለዋል፤ ሁሉም ግን በሆዱ «ቡዳ» ነው የሚለው። ማረሻውን አሠርቶ ያርስበታል፣ ቢላዋውን አስሎ ሥጋ ይቆርጥበታል፤ ከሠራለት ሰው ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይቀርብም። እልፍነሽ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስትገባ «አባቴ አናጢ ነው» አለች። አመኗት፤ ከባላምባራስ ልጅ ጋርም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

አምና ወለተሥላሴ የምትባል ልጅ እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆኗ ተሰማ። ገላነሽ «አጠገቤ እንዳትደርሺ» አለቻት። ሌሎቹም ተከተሉ። ልጅቷ ጥቂት ቀን ብቻዋን ተቀምጣ፣ ብቻዋን በልታ፣ በመጨረሻ ትምህርቱን ትታ ቀረች። ያን ጊዜ ከወለተሥላሴ አግዳሚ ተነሥተው ከሄዱት አንዷ እልፍነሽ ነበረች።

«ሐጂ፣ ይህ ዕቃ ነው ወይስ መቀለጃ?» አሉ ባላምባራስ፣ ቀዩን ሣጥን በጉልበታቸው እየገፉ።

«ቀለሙን ይመልከቱ እንጂ ጌታዬ! ማሻአላህ፣ እንደ በርበሬ ነው። ዋጋውም ርካሽ።»

«ቀለሙን ልቀባው ነው? ካሚዮኔ በተበላሸ ቁጥር መፍቻና መዶሻ የሚሸከምልኝ፣ ግቢው ውስጥ እየገፋን የምንወስደው ነው የምፈልገው። ርካሽ ይሁን፤ ግን ይቻል! አንተ እንደሻው፣ ሙላው እስቲ።»

ሾፌራቸው እንደሻው ከሱቁ ያገኘውን ከባድ ብረት ሁሉ፣ ክሪኩን ሳይቀር፣ መሳቢያዎቹ ውስጥ አጨቀና ቀዩን ሣጥን ወደ ደጃፉ ድንጋይ ገፋው። ጉድ ፈላ! አንደኛው መንኮራኩር እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፣ ጎኑ እንደተነፋ ሆድ ተወጠረ፣ የታችኛው መሳቢያ ወገቡ ጎበጠ። እንደሻው ቁልፉን በጥፍሩ ነካ ቢያደርገው ተከፈተ።

«ውስጡን ለቄስ!» አለ እየሳቀ።

ተራው የጥቁሩ ሆነ። ያንኑ ሸክም ሞሉት። ባላምባራስ አንድ ጣታቸውን አስገብተው መሳቢያውን ሳቡ፤ ወለል ብሎ መጣ። ገፉት፤ ድንጋዩን ዘሎ ወረደና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎኑን በጡጫ ደበደቡት፣ ማጠፊያዎቹን ዳበሱ፣ ጎንበስ ብለው መንኮራኩሮቹን አዩ። እልፍነሽ ትንፋሿን ይዛለች።

«ይህስ ከየት ነው?» አሉ።

ሐጂ ዐብዱራሕማን እልፍነሽን በዓይናቸው ጫፍ አዩዋት። በውሸት የማይምሉ ሰው ናቸው፤ ጀጎል በሙሉ ይህን ይመሰክርላቸዋል። ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ከውጭ ነው» አሉ። «ዋላሂ፣ ከውጭ ነው የመጣው።»

እውነታቸውን ነው! ለጀጎል ሰው ከግንቡ በሮች ወዲያ ያለው ሁሉ «ውጭ» ነው። ከኤረር በር ወጥቶ እንጨት የለቀመ ሰው እንኳ «ውጭ ውዬ መጣሁ» ይላል። የእልፍነሽ አባት መቀጥቀጫ ደግሞ ከኤረር በር ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ነው። ባላምባራስ ግን የሰፋሪ ልጅ ናቸው፤ «ውጭ» ሲባሉ መርከብና ባሕር ነው የታያቸው።

«አላልኩም?» አሉ ዘወር ብለው። «አያችሁ ፈረንጅን? ቀለም አልቀባውም፣ አላሽሞነሞነውም፤ ሥራውን ብቻ ሠራ። የዚህን ሰው እጅ ይባርከው! እስቲ የኛ ጠይብ ይህን ይሠራል? እሱ ሲፈጥረው የሚያውቀው የሰው ሆድ መብላት ነው!»

ሳቁ። እንደሻው ሳቀ፣ ገላነሽ ሳቀች። እልፍነሽም ሳቀች፤ እንዲያውም የሷ ሳቅ ከሁሉም ዘግይቶ ነው ያቆመው። ሐጂ ዐብዱራሕማን ብቻ መሬት መሬት እያዩ ቀዩን ሣጥን ወደ ጥግ ገፉት።

ቤቷ ስትደርስ አባቷ አባይነህ ከድሬ ጠያራ ገበሬዎች የመጣለትን ማጭድ እየሳለ ነበር።

«አባዬ፣ ተሸጠ!»

«ምኑ?»

«ሣጥኑ ነዋ! የገላነሽ አባት ገዙት።»

አባይነህ ሞረዱን አስቀመጠና እጁን በቁምጣው ጠረገ። «ምን አሉ?»

«ሞልተው ገፉት፤ አልተንገዳገደም። መሳቢያውን በአንድ ጣት ነው የሳቡት።»

«በአንድ ጣት?»

«በአንድ ጣት። ‹የዚህን ሰው እጅ ይባርከው› አሉ።»

ይህን ብለዋል፤ አልዋሸችም። ማንን እንደ መረቁ ግን አልነገረችውም። ከዚያ በኋላ ያሉትንማ እንዴት አድርጋ! አባይነህ እጆቹን ሲያያቸው ቆየ። ማጭዱን የሚወስደው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ ሳይል፣ ዘወር ብሎ እንትፍ እያለ ነው የሚሄደው። ምርቃት ለሱ ብርቁ ነው።

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አለ።

ደግማ ነገረችው። ራት ላይ ደግሞ አስነገራት። «ማን ሠራው ብለው ጠየቁ?» አለ በመጨረሻ።

«አልጠየቁም።»

«ይሁን፤ ባይጠይቁ ይሻላል» አለና ፈገግ አለ። እልፍነሽ ያን ፈገግታ ማየት አቃታት፤ ዓይኗን ወደ እንጀራው መለሰች።

ባላምባራስ ጥቁሩን ሣጥን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩት ጀመር። ማሳየቱስ ባልከፋ። አንድ ቅዳሜ ግን ጥጋብ ይዟቸው፣ እስከ አፉ ሞልተው ለወዳጃቸው ሊያሳዩ በአባጣ ጎርባጣው መንገድ ሲያስገፉት አረፈዱ። ብረትም እኮ አቅም አለው! አንዱን መንኮራኩር የያዘው የብረት ካስማ ተቆረጠ። እንደሻው ከበስተ ውጭ ሊፈታው ታገለ፤ መግቢያው ጠፋው። «ከኤረር በር ውጭ ያለውን ጠይብ ጥሩልኝ» አሉ ባላምባራስ።

እልፍነሽ ይህን ሁሉ አላወቀችም። እሷ በዚያች ሰዓት ከገላነሽ ጋር በነገላነሽ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከአንድ ትሪ ፍትፍት እየበላች፣ ስለ አስተማሪያቸው አረማመድ እየሳቀች ነበር። ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ።

«ጠይቡ መጥቷል!» ብሎ ጮኸ እንደሻው።

ገላነሽ ከመቀመጫዋ ዘለለች። «ሸፍኚው! እልፌ፣ ቶሎ ሸፍኚው፣ ምግባችንን እንዳያየው!»

እልፍነሽ የሰፌዱን ክዳን አንሥታ ትሪው ላይ ከደነች። ቀና ስትል ከበሩ ላይ መዶሻና ጉጠቱን በከረጢት የያዘ ሰው ቆሟል። አባቷ ነው።

ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አባይነህ አንድ ጊዜ ልጁን፣ አንድ ጊዜ ክዳኑን አየና አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ወደ በረንዳው ቀና ብሎ አላየም። እዚያ የተቀመጠችውን ልጅ ከነጭራሹ የማያውቃት መሰለ።

«ከዚያ አትለፍ፤ ሣጥኑን እሱ ያመጣልሃል» አሉ ባላምባራስ። እንደሻው እየጎተተ አምጥቶ ፊቱ ጣለለት። አባይነህ ተንበረከከ። መንኮራኩሩን እንኳ አላየውም፤ በቀጥታ የታችኛውን መሳቢያ አውጥቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና የተቆረጠውን ካስማ መዘዘው። እንደሻው ታግሎ ያቃተው ነገር ነበር።

ባላምባራስ ደነገጡ። «እዚያ መኖሩን እንዴት አወቅህ?»

አባይነህ ወደ መሳቢያው አቀረቀረ። ቢናገር ሣጥኑ ይመለሳል፤ ሐጂም ሁለተኛ ሥራውን አይቀበሉትም። «ብረት ነው ጌታዬ፤ ብረት ለምደናል» አለ።

«ምን ትለምዳለህ አንተ! በዓይንህ ነው እንጂ! እነዚህ ሰዎች ብረት በስተው ያያሉ ሲባል አላምንም ነበር። ማን ያውቃል፣ የሰበርከውም አንተው ትሆናለህ። በመንገድ ሲያልፍ አይተህ በልተኸው ይሆናል!»

«አላየሁትም ጌታዬ።»

«ዝም በል! ቶሎ ሥራና ከፊቴ ጥፋ።»

አባይነህ አዲስ ካስማ ቀጥቅጦ ሰካ፤ ላቡ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ። እልፍነሽ በረንዳው ላይ ደርቃ ቀርታለች። እጇ ክዳኑ ላይ እንዳረፈ ነው። ሥራው ሲያልቅ አባይነህ ጉጠቱን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ፣ መዶሻውን ወገቡ ላይ ሻጠና «የሚጠጣ ውሃ ቢገኝ…» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ገላነሽ ከጓዳ አንድ አሮጌ ቅል ውሃ ሞልታ አመጣችና እልፍነሽ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ስጪው፣ እኔ እፈራለሁ። ጠጥቶ ሲመልስልሽ እዚያው ድንጋዩ ላይ ስበሪው። ቡዳ የጠጣበት ወደ ቤት አይመለስም።»

እልፍነሽ ቅሉን ይዛ ወረደች። ግቢው እንደ ዛሬ ረዝሞባት አያውቅም። አባቷ ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ይመለሱ፣ ፀሐይ እንዳይመታዎት።»

አባቷ እርስዎ አላት! በሕይወቷ ማንም እንዲህ አድርጎ ሰድቧት አያውቅም፤ እሱ ደግሞ ሊሰድባት አይደለም። ሊያድናት ነው። ይህ ነው ያንገበገባት። እሱ ግማሹን ጠጣና ቅሉን መለሰላት። እጃቸው ሲነካካ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ስበሪው ልጄ» አላት። «ግድ የለም። ስበሪውና ግቢ።»

ድንጋዩ እግሯ ሥር ነው። ሰብራ ብትመለስ ክዳኑ ይነሣል፣ ፍትፍቱ ይበላል፣ ሰኞ ያው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ማንም ምንም አያውቅም። አባቷ ቂም አይዝባትም፤ ማታ ቤት ስትገባ ስለዚህ ነገር ቃል አይተነፍስም። ይህንንም ታውቃለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ጮኸች ገላነሽ። «ስበሪው እንጂ!»

እልፍነሽ ቅሉን ወደ አፏ አነሣች። አባቷ የተረፈውን ውሃ፣ አባቷ ከንፈሩን ባሳረፈበት በኩል ጠጣችው። እስከ ጠብታው።

ገላነሽ መጀመሪያ አልገባትም፤ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ እልፍነሽን አየች፣ ጠይቡን አየች፣ ከዚያ ደግሞ ከአንድ ትሪ የጎረሰችበትን የራሷን እጅ አየችና በቀሚሷ ትጠርገው ጀመር። እየደጋገመች ጠረገችው። ከዚያም ጎንበስ ብላ እንትፍ አለች።

«የማን ልጅ ናት ይህቺ?» አሉ ባላምባራስ።

አባይነህ ፊቱ አመድ መስሏል። ደስ ያለው አይመስልም፤ ሰው እንደ ሞተበት ነበር የሆነው። «ምን አደረግሽ?» አለ። «ምን አደረግሽ፣ ልጄ!»

እልፍነሽ ቅሉን በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መሬት ላይ የተቀመጠውን ከረጢት አነሣች።

«አባዬ፣ መዶሻውንም ስጠኝ» አለች። «እኔ ልያዝልህ።»