ኮረንቲ የማይዘው ቢላ

የሚሽከረከረው የግራይንደር ድንጋይ ቢላውን ሲነካው ብልጭታ አልወጣም። የወጣው የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ነው። ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፍና ቢላውን መልሳ ድንጋዩ ላይ አስጠጋችው።

«ይሄ ብረት አይደለም እኮ፤ የኔ ግራይንደር የሚያውቀው ብረት ነው» አላት ጎረቤታቸው በያጁ፣ የበር ዘንግ እየለካ። «ስትጨርሺ አጥፊው።»

ልቧ ሌላ ቦታ ስለነበር ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ቢላው የአባቷ ነው። አባቷ የመብራት መስመር ጠጋኝ ነው፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሽቦ ሽፋን የሚልጠው በዚህ ግራጫ ቢላ ነው። ከብርጭቆ ክርና ከጠንካራ ሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ስለሆነ ኮረንቲ አይዘውም። ክፉ አመሉ ቶሎ መደነዙ ነው።

መሳሉ የአባቷና የታላቅ ወንድሟ ሥራ ነበር። ሻካራ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈው፣ በውኃ እያራሱ፣ ቀስ እያሉ ይስሉታል። እጃቸው ቢያርፍ እንኳ ወሬያቸው አያልቅም ነበር። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ግን ቤቱ ጭር አለ። እናቷም ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሆነች የምትገኘው በስልክ ነው። አባቷ ከሥራ ሲመለስ «በላሽ?» ይላታል፤ «በላሁ» ትለዋለች፤ በቃ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ቢላውን ብቻውን ይስላል። አንድ ቀን ልርዳህ ብትለው፣ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ ብሎ መለሳት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሴት ልጅን ምን ብሎ እንደሚያወራት ግራ የገባው ሰው ነው። ይህን ማወቋ ግን ብቸኝነቷን አላቀለለላትም። ሰው ባለበት ቤት ሰው ይናፍቃታል።

ዛሬ አባቷ ዕረፍት ነው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲል ነው ቢላውን ከቦርሳው አውጥታ ወደ በያጁ የሮጠችው። በወረቀት ሲፈትጉ ከመዋል በማሽን መገላገል ይሻላል ብላ ነው።

ወደ ማታ አባቷ፣ እሷ ቦርሳው ውስጥ መልሳ ያስቀመጠችውን ቢላ አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ሞከረው። ጋዜጣው ሳይንኮሻኮሽ ለሁለት ተከፈለ። ማን ሳለው ብሎ ጠየቀ፤ እኔ አለችው።

«እጅሽ ይባረክ» አለና አያት። በደንብ አያት። ራት ላይ አፉ ተፈታ። ምሰሶ ላይ ጎጆ የሠራች ቁራ ኮፍያውን ነጥቃ እንዴት እንዳዋረደችው፣ የሥራ ጓደኞቹም እስከ ዛሬ «የቁራ አማች» እያሉ እንደሚጠሩት ነገራት። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እንዲህ የሳቀችው መቼ እንደነበር ትዝ አላላትም።

ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ ለወንድሟ ደወለች፤ ጉራዋን ልትነዛ። እሱ ግን ገና ከመጀመሪያው በምን እንደሳለችው ጠየቃት። በበያጁ ግራይንደር አለችው።

«ሸትቶ ነበር?»

«ትንሽ።»

«በቃ ሚጢ፣ ቢላው አለቀለት። ሙጫው ተቃጥሏል።»

ከዚያ አስረዳት። በውኃ የሚሳለው እንዳይግል ነው። አሁን ስለቱ ላዩን ያብለጨልጫል እንጂ ውስጡ ተላቅቋል፤ ጫን ሲሉት ይሰበራል። ምሰሶ ላይ ሆኖ ቢላ የተሰበረበት ሰው ደግሞ እጁ የሚሄደው ኪሱ ውስጥ ወዳለው፣ ኮረንቲ ወደሚይዘው የብረት ቢላ ነው። አባታቸውም ከኪሱ አንድ አያጣም። ምን ይሻለኛል አለችው።

«አታካብጂ» አላት። «ጫፉን ስበሪና ወደቀብኝ በይው። ከዕቃ ክፍል ሌላ ያወጣል። እሱም ይተርፋል፣ አንቺም አይነቃብሽም።»

ስልኩን ዘግታ ስለቱን በጥፍሯ ጫን አለችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቅርፊት ተነሥቶ ጣቷ ላይ ቀረ። የወንድሟ መላ ደህና መላ ነው፤ ማንም አይጎዳም። ምርቃቱም ምርቃት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ግን አባቷ የሚያወራው ቢላ መሳል ከምታውቅ ልጅ ጋር ነው፤ ከእሷ ጋር አይደለም። እንዲህ ብታስብም ልትነግረው አልደፈረችም። ቢላውን ሳትሰብረው አስቀመጠችው።

ጠዋት አባቷ እያፏጨ ጫማውን አሰረ። ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም። ቦርሳውን አንግቶ ቢላውን ሊከት ሲል እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ እሱን አትያዘው። በግራይንደር ነው የሳልኩት። ሙጫው ተቃጥሏል።»

አባቷ ስለቱን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሌላ ቅርፊት ተነሣ። ፊቱ ጠቆረ፤ ቢላውን እንጂ እሷን አላየም።

«ማን ንኪ አለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ ይቅርታ ብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። አባቷም እሺ ብሎ ይወጣል፤ ማታ ይመለሳል፤ በልታ እንደሆነም ይጠይቃታል። ያ ማታ እንዲመለስ አልፈለገችም።

«ማንም። ካንተ ጋር የማወራው ነገር ፈልጌ ነው» አለችው። «ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ እዚህ ቤት ብቻዬን ነኝ። አንተ እያለህም።»

ውጭ የሥራ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። አባቷ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ወደ እሷ አየ። መኪናው ደገመ።

«ይጠብቁ» አለና ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ወንበር ሳበ።